ሕግንና የሳይበር ደህንነትን አጣምራችሁ ለመማር ላሰባችሁ

ልጆቼ፣ ሕግን፣ የሳይበር ወንጀልንና የመረጃ ደህንነትን ያጣመረ ማስተርስ ልትጀምሩ ስትሉ ሁሌ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር አለ፤ «ከሕግ የመጣ ይሻለዋል ወይስ ከኮምፒውተር?» ሁለታችሁም ትችላላችሁ። ግን በመጣችሁበት ሙያ ጠልቃችሁ ቆዩ። ግማሽ ጠበቃና ግማሽ ቴክኒሻን ሆኖ የወጣ ሰው ፍርድ ቤት ሲቆም ያስታውቃል። ሁለቱ ሙያዎች የሚገናኙት ማስረጃው ላይ ነው፤ ጊዜያችሁን እዚያ አውሉት።

ከቴክኒክ ለምትመጡት ይህን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2000 «አይ ላቭ ዩ» የተባለው ቫይረስ በኢሜይል ዓለምን ሲያዳርስ፣ መርማሪዎች ዱካውን ተከትለው ፊሊፒንስ ውስጥ ተጠርጣሪ ጋ ደረሱ። ክሱ ግን ወደቀ። በወቅቱ በአገሪቱ ድርጊቱን ወንጀል የሚያደርግ ሕግ አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ ወጣ፤ ወደኋላ ተመልሶ ግን አይሠራም። ማን እንደሠራው ማወቅ የሥራው ግማሽ ብቻ ነው።

ከሕግ የምትመጡት ደግሞ አይፒ አድራሻን፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ የግንኙነት መለያ የሆነውን ቁጥር፣ እንደ ቤት ቁጥር አትዩት። ዛሬ ብዙ የኢንተርኔት አቅራቢዎች አንድን አድራሻ በአንድ ጊዜ ለበርካታ ደንበኞች ያጋራሉ። ለአቅራቢው በምትልኩት ጥያቄ ላይ የፖርት ቁጥር (አድራሻውን ከሚጋሩት የአንዱን ግንኙነት ለመለየት የሚረዳ ቁጥር)፣ ትክክለኛ ሰዓትና የሰዓት ቀጠና ከሌለ፣ የሚመጣላችሁ ስም የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። አንድ መስመር ስለጎደለ የንጹሕ ሰው ቤት ይፈተሻል። እኔን ከምንም በላይ የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው።

ስለዚህ የተግባር ላብራቶሪ የሌለው ፕሮግራም አልመክርም። የሃርድ ዲስክ ቅጂ በእጃችሁ ውሰዱ። የኤስኤችኤ-256 ሃሹን፣ ማለትም ከይዘቱ የሚሰላውንና እንደ ጣት አሻራ የሚያገለግለውን ቁጥር፣ አስሉ፤ ከዚያ አንዲት ፊደል ቀይራችሁ ድጋሚ አስሉት። ቁጥሩ ምን ያህል እንደሚለወጥ ስታዩ፣ ዳኛ ፊት «ማስረጃው አልተነካም» የሚለው ቃል ምን ላይ እንደቆመ ይገባችኋል። ከዚያ ደግሞ ከባዱ ጥያቄ አለ። በፍተሻ ቦታ ኮምፒውተሩ በርቶ አገኛችሁት እንበል። ካጠፋችሁት ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ውስጥ ያለው ይጠፋል፤ የተመሰጠረውን ዲስክ የሚከፍተው ቁልፍም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ከነካችሁት ደግሞ ማስረጃውን መለወጣችሁ አይቀርም። የፍተሻ ማዘዣውስ ይህን ይፈቅዳል? ጠበቃውም ቴክኒሻኑም ብቻውን አይመልሰውም። እናንተ የምትፈለጉት ለዚህ ነው።

ዓለም አቀፉን ሕግ ከምንጩ አንብቡት። ስለ ሳይበር ወንጀል እ.ኤ.አ. የ2001ዱ የቡዳፔስት ኮንቬንሽን አለ፤ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ደግሞ በ2024 የራሱን አጽድቋል። ቡዳፔስት መረጃ እንዳይጠፋ በአስቸኳይ ማስጠበቅን ከማስረከብ ለይቶ ያስቀመጠው በምክንያት ነው። መረጃውን ለመጠየቅ በአገሮች መካከል ደብዳቤ እስኪመላለስ ሎጉ (የግንኙነቱ መዝገብ) ሊሰረዝ ይችላል።

ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ «የሳይበር ወንጀልና ሕጉ» የሚል ሰፊ ርዕስ አትያዙ፤ አያልቅላችሁም። ጠበብ ያለ፣ ልትፈትኑት የምትችሉት ጥያቄ ያዙ። የሰው ሲስተም ላይ ልትፈትኑ ከሆነ ግን መጀመሪያ የባለቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ ተቀበሉ። በብዙ አገሮች ያለፈቃድ መግባቱ ራሱ ወንጀል ነው፤ ለጥናት ብዬ ነው ማለት ላያድናችሁ ይችላል።