ሐረጎ ላይ የሚበራው መብራት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ናፍጣ ፒካፕ አለኝ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ እመላለሳለሁ። የሐረጎን ዳገት ስወጣ የሞተር መብራት ይበራል፣ ጉልበቱም ይወርዳል። በኮምፒውተር ሲታይ «የአየርና ነዳጅ ሴንሰር ሰርኪውት» ይላል። ሴንሰሩን በአዲስ ቀየርኩ፣ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ በራ። ገንዘቤ ውሃ በላው ማለት ነው?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። ይህ ሴንሰር ጭስ ማውጫው ላይ ሆኖ በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካ ነው። ኮምፒውተሩ ያሳየህ የስህተት ኮድ ሰርኪውት አለህ እንጂ ሴንሰሩ ሞቷል አላለህም። ሰርኪውት ሲል ሽቦውም፣ ሶኬቱም፣ ፊውዙም፣ የሴንሰሩ ማሞቂያም አለበት። ሳይለኩ ዕቃ መቀየር የጋራዦቻችን በሽታ ነው።

ፊውዙን እይ። ከዚያ መኪናው ሲቀዘቅዝ ከስር ግባና ሽቦውን ከሴንሰሩ ጀምረህ በእጅህ እየዳሰስክ ተከተለው፣ ጭስ ማውጫው አጠገብ ላስቲኩ ቀልጦ መዳቡ ብረት የሚነካበት ቦታ ካለ እዚያው ታገኘዋለህ። ዳገት ላይ ብቻ የሚበራ መሆኑ እኔን የሚያስጠረጥረኝ ይሄንን ነው፤ ሞተር ሲጫን ይነቀነቃል፣ ሽቦም ይወጠራል።

ሴንሰሩ ካልጋለ በትክክል አያነብም። ሶኬቱን ንቀልና የማሞቂያውን ሁለት ፒን በቴስተር ለካ። ሲቀዘቅዝ ጥቂት ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ካሳየ ደህና ነው፣ ምንም ካላነበበ ተቃጥሏል። ሶኬቱን መልሰህ ሞተር አስነሳ፣ የማሞቂያው ፕላስ ላይ የባትሪ ቮልት መኖሩን እይ። የሲግናል ሽቦዎቹን ግን በመፈተሻ አምፖል እንዳትነካ፣ የመኪናውን ኮምፒውተር ልታቃጥል ትችላለህ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አዲሱን ሲገጥሙ የድሮውን ሶኬት ቆርጠው ቀጥለውልሃል? ቦሽ የሚባለው ኩባንያ የሚሠራቸው ብዙ ሴንሰሮች ሶኬታቸው ውስጥ ለዚያው ሴንሰር ብቻ የተለካች ትንሽ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ መቋቋሚያ ዕቃ) አለች። የሌላውን ከቀጠልክበት ንባቡ ይዛባል።