መልስ፦ ከግብር ደረሰኙና ከማሳው ፎቶግራፍ ይጀምሩ

ጤና ይስጥልኝ። በጎማ ወረዳ ቡና ያለሙ የነበሩትን አያትዎን ታሪክ፣ በእጅዎ ካሉት ሁለት የማሳ ፎቶግራፎችና አንድ የመሬት ግብር ደረሰኝ ተነሥተው እንዴት መከታተል እንደሚችሉ ጠይቀዋል። እኔም ጅማ ሆኜ የቤተሰቤን ታሪክ ስፈልግ ከሁሉ በላይ ያስቸገረኝ የስም ነገር ነበር፤ በአካባቢያችን ትልልቅ ሰዎች እንደ ንጉሥ አባ ጅፋር በፈረስ ስማቸው ይጠሩ ስለነበር፣ ቤተሰቡ የሚያውቀው ስምና መዝገብ ላይ የሰፈረው ስም ላይገጥሙ ይችላሉ። ስለዚህ የአያትዎን የፈረስ ስም አስቀድመው ሽማግሌዎችን ይጠይቁ።

ደረሰኙ መሬቱን በጋሻ የሚጠቅስ ከሆነ፣ ከ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በፊት የተጻፈ ሳይሆን አይቀርም፤ አንድ ጋሻ በግምት 40 ሄክታር ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሰጠ ወረቀት ካገኙ ደግሞ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሊጻፍ ስለሚችል የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነቱን ያስቡበት።

ፎቶግራፎቹን ከክፈፋቸው አውጥተው ጀርባቸውን ይመልከቱ። በአያቴ ፎቶግራፍ ጀርባ በደበዘዘ ሰማያዊ ቀለም «ለቀማ፣ ኅዳር» የሚል ጽሑፍ አገኘን። ከፊቱ በሰሌን ላይ የተሰጣ ቡና፣ ከበስተኋላው ግንዱ ለሁለት የተከፈለ ዋንዛ ይታያል፤ ዋንዛው ዛሬም ስላለ ማሳው የት እንደነበር የለየነው በእርሱ ነው። እባክዎ በስልክዎ ሳያነሡት ዋናውን ለማንም አያውሱ፤ እኛ ለዘመድ ያዋስነው አንዱ ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።