የአራዳ ጊዮርጊስን ማዕዘን ማን ጠረበው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? አራዳ ጊዮርጊስን የሠሩት የዓድዋ ጣሊያን ምርኮኞች ናቸው ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። አባቴ ደግሞ ቅድመ አያታችን እዚያ ድንጋይ ጠርቧል ይላል። አንድ የዛገ መሮም ቤታችን አለ። የቱ ነው እውነቱ? (ከጉለሌ)

መልስ፦ ደህና ነኝ ልጄ፣ አንተስ? ሠላሳ አንድ ዓመት ግንበኛ ሆኜ ስለኖርኩ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ ዘመኑን እንቁጠር። የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ወደ 1,900 የሚጠጉ ጣሊያኖች ተማረኩ። የሰላም ውሉ ጥቅምት 17 ቀን 1889 አዲስ አበባ ላይ ተፈረመ፤ ምርኮኞቹም ከዚያ በኋላ በየተራ አገራቸው ገቡ። ዛሬ የምናየው ሕንፃ ግን የተሠራው ከ1898 ገደማ እስከ 1903 ባለው ጊዜ ነው። ሥራው ሲጀመር እነዚያ ሰዎች ከሄዱ ዓመታት አልፈዋል።

አንዱ ግን አልሄደም። ሰባስቲያኖ ካስታኛ ይባላል፣ የሲሲሊ ሰው ነው። ዓድዋ ላይ ተማርኮ፣ ነፃ ሲወጣ እዚሁ ቀረ። የቤተ ክርስቲያኑ ሥራ በእሱና በግሪካዊው ኦርፋኒደስ ስም ነው የሚነሳው። እና ወሬው ከሜዳ የመጣ አይደለም። አንዱ ምርኮኛ በአፍ ሲዞር ብዙ ሆነ እንጂ።

ከተማዋ ያኔ ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላትም። ድንኳንና ጎጆ ነው የሚበዛባት። የማገዶ እንጨት አልቆ ምኒልክ አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ከተማ ጀምረው ነበር፤ ባሕር ዛፉ ባይደርስላት አዲስ አበባ ትቀር ነበር። እንዲህ ባለች ከተማ ላይ ነው ያን የሚያህል ጥርብ ድንጋይ የተደረደረው።

አሁን ወደ ማዕዘኑ ልውሰድህ። ሕንፃው ስምንት ማዕዘን ነው። የግንበኛ ስኳድራ፣ ማለት ጥግ መለኪያው፣ ዘጠና ዲግሪ ነው፣ እዚያ አይሠራም። የስምንት ማዕዘን እያንዳንዱ ጥግ 135 ዲግሪ ይፈልጋል። ስለዚህ ከጣውላ ልክ ታወጣለህ፣ ጠራቢው የጥጉን ድንጋይ ሁሉ በዚያ ልክ እየለካ ይጠርባል። በእያንዳንዱ ጥግ አንድ ዲግሪ ብትስት ስምንተኛው ላይ ስትደርስ ስምንት ዲግሪ ጎድሎብሃል፤ ግድግዳው አይገጥምም። እኔ አንዴ ለአንድ ሰው ባለ ስድስት ማዕዘን ደጀ ሰላም ስገነባ ደርሶብኛል። ሁለት ረድፍ አፍርሼ እንደገና ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ አራዳ ጊዮርጊስ ስሄድ ከመሳለሜ በፊት ጥጉን ሳላይ አላልፍም።

ይህን ልክ የሚያወጣ መሐንዲስ አንድ ሁለት ሰው ነው። ድንጋዩን ከካባ፣ ማለት ድንጋይ ከሚፈለጥበት ቦታ፣ የሚያወጣው፣ የሚሸከመው፣ ቀኑን ሙሉ መሮ ላይ መዶሻ የሚያሳርፈው ግን ብዙ ሕዝብ ነው፤ ስሙ አልተጻፈም። ቅድመ አያትህ ከነዚያ አንዱ መሆኑ በጣም የሚታመን ነው። አባትህን አምነው።

አንድ ነገር ሳልነግርህ ብቀር ይቆጨኛል። ካስታኛ የደከመበትን ቤት በየካቲት 12 ቀን 1929ኙ ጭፍጨፋ ሰሞን የፋሺስት ጣሊያን ሰዎች እሳት ለቀቁበት። ዘውዲቱም በ1909፣ ኃይለ ሥላሴም በ1923 ዘውድ የጫኑበት ቤት ነው። ግንቡ ግን አልወደቀም። ከነፃነት በኋላ ታደሰ። ዛሬ የምትነካው ድንጋይ ያ እሳት ያለፈበት ነው።

መሮውን እንዳትሞርደው፣ ዝገቱንም እንዳትፍቀው። ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ጫፉ ሹል ነው ወይስ ጠፍጣፋ? ሹሉ ለመፈንከት ነው፣ ጠፍጣፋው የድንጋዩን ፊት ለማስተካከል። ጠፍጣፋ ከሆነ ቅድመ አያትህ ተሸካሚ ሳይሆን ጠራቢ ነበር ለማለት እደፍራለሁ።