የሂማላያ ረጃጅም ተራሮች በየትኛው ወር ይወጣሉ? ጥያቄና መልስ

ስለ ሂማላያ የመውጫ ወቅት የደረሱኝን ጥያቄዎች እዚህ በአንድነት እመልሳለሁ። ወቅቶቹን በእኛ ወራት፣ የታሪክ ቀኖችን ግን እ.ኤ.አ. ጽፌአለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኤቨረስትን ለመውጣት ሁሉም ግንቦትን የሚመርጠው ለምንድን ነው? ዝናቡ ሊገባ ሲል አይደለም ወይ?

መልስ፦ ግንቦት የሚመረጠው ዝናቡ ሊገባ ስለሆነ ነው። በብርዱ ወራት ጄት ስትሪም የሚባለው የከፍታ ነፋስ በተራራው ጫፍ ላይ ያልፋል፤ ፍጥነቱ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ሞንሱን የሚባለው ዝናብ አምጪ ነፋስ ከቤንጋል ባሕረ ሰላጤ መገስገስ ሲጀምር ጄት ስትሪም ወደ ቲቤት ይገፋል። ነፋሱ ከሄደ በኋላ፣ ዝናቡ ከመድረሱ በፊት ጥቂት ጸጥ ያሉ ቀናት ይገኛሉ፤ ብዙውን ጊዜ ከግንቦት 7 እስከ 17 ባለው ውስጥ። ሂላሪና ቴንዚንግ 8,849 ሜትር ከፍታ ያለውን ይህን ጫፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጡት ሜይ 29 ቀን 1953፣ ማለትም ግንቦት 21 ነበር። ካላ ፓታር ከሚባለው ኮረብታ ላይ ሆናችሁ ስታዩ፣ ከጫፉ የሚነሣው የበረዶ ብናኝ እንደ ባንዲራ ወደ ጎን ተዘርግቶ ከሆነ ነፋሱ ገና አልለቀቀም።

ጥያቄ፦ መስከረምና ጥቅምትስ? ሰማዩ ከግንቦት ይልቅ የጠራ ነው ሲሉ እሰማለሁ።

መልስ፦ እውነት ነው፤ በእግር ለሚጓዝና ተራሮቹን ከሩቅ ለሚያይ ሰው ከጥቅምት የተሻለ ወር የለም። ከ8,000 ሜትር በላይ መውጣት ለሚፈልግ ግን ሁለት ችግሮች አሉ። አንደኛው ዝናቡ ትቶት የሚሄደው በረዶ ነው። ገና ስላልጠነከረ ከነቁልሉ ሊናድ ይችላል። በሴፕቴምበር 2012 በኔፓል ማናስሉ ተራራ ላይ የወረደው ናዳ ሰዎችን ድንኳን ውስጥ እንደተኙ አግኝቶ 11 ሕይወት ቀጥፏል። ሁለተኛውን እኔ ከሁሉ አብልጬ አየዋለሁ። በሚያዝያና በግንቦት አንድ ሳምንት ብትታገሡ ቀኑ ይረዝማል፣ አየሩም ይሞቃል። በመስከረምና በጥቅምት ግን በጠበቃችሁ ቁጥር ብርዱ ይበረታል፣ ነፋሱም ይመለሳል። መጥፎ አየር ይዟችሁ ድንኳን ውስጥ ስትቀመጡ ይህ ልዩነት ከባድ ነው።

እንዲህም ሆኖ 8,163 ሜትር ያለው ማናስሉ በብዛት የሚወጣው በመስከረም ነው፤ ሸርፓዎቹ፣ ማለትም የአገሬው ተራራ መሪዎች፣ ገመዱን የሚዘረጉት ያን ጊዜ ነውና ብቻችሁን አትሆኑም። 6,812 ሜትር ያለውን አማ ዳብላምን ደግሞ ለጥቅምትና ለኅዳር አቆዩት። በእግር ብቻ የምትጓዙም ብትሆኑ የአየር ትንበያ ሳትሰሙ አትነሡ። በኦክቶበር 2014 ሁድሁድ የተባለው አውሎ ነፋስ ቅሪት በኔፓል ቶሮንግ በሚባለው የተራራ ማለፊያ አካባቢ ባወረደው በረዶ ከ40 በላይ ሰዎች አልቀዋል።

ጥያቄ፦ የኤቨረስት ፈቃድ ከግንቦት ውጭ ርካሽ ነው ይባላል። ገንዘብ ለመቆጠብ ወቅት መቀየር ያዋጣል?

መልስ፦ ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ በኔፓል በኩል ለአንድ የውጭ ዜጋ በዋናው ወቅት 15,000 ዶላር፣ በመስከረምና በጥቅምት 7,500፣ በብርዱና በዝናቡ ወራት 3,750 ዶላር ነው። ይሁን እንጂ በዋናው ወቅት የኩምቡን የተሰነጣጠቀ በረዶ የሚያሻግረው መሰላልና ገመድ ለሁሉም ይዘረጋል፤ ወጪውንም ብዙ ቡድኖች ይጋሩታል። በሌላው ወቅት ያ ሸክም በጥቂት ሰዎች ትከሻ ላይ ይወድቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው አልመክርም።

ጥያቄ፦ በጥር ወይም በነሐሴ የወጣ ሰው አለ?

መልስ፦ አለ። ፖላንዳውያኑ ቺሂና ቪየሊትስኪ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1980 ኤቨረስት ጫፍ ደርሰዋል። በዚያው ዓመት ኦገስት 20 ጣልያናዊው ተራራ ወጪ ሜስነር በቲቤት በኩል ብቻውን፣ ያለ ተጨማሪ ኦክስጅን፣ በዝናቡ ወቅት ወጥቷል። በብርዱ ወራት በዚያ ከፍታ የአየር ግፊቱ ይበልጥ ስለሚቀንስ እያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅን ያንሳል። እነዚህ ሰዎች ያለፉበትን መንገድ ጀማሪ አይከተለው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ኬ2 በሐምሌ የሚወጣው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ከኤቨረስት ቀጥሎ በርዝመት ሁለተኛው ኬ2 ያለው ወደ ሰሜን ምዕራብ ርቆ፣ ካራኮረም በሚባለው የተራራ ሰንሰለት ነው። ሞንሱኑ እዚያ ሲደርስ ተዳክሟል። ጣልያኖች መጀመሪያ የወጡትም ጁላይ 31 ቀን 1954 ነው።

ጥያቄ፦ መምህርት ነኝ። ራስ ዳሸንን ወጥቻለሁ፤ ረጅም እረፍት የማገኘው ግን በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ነው። ሂማላያን ልተወው?

መልስ፦ አትተዪው እህቴ፤ ቦታውን ቀይሪ። የኔፓል ዝናብ ከእኛ ክረምት ጋር ስለሚገጥም በእነዚያ ወራት ወደ ኤቨረስት መነሻ ወደ ሉክላ የሚደረገው በረራ በደመና ምክንያት ለቀናት ይቋረጣል። በህንድ ያለው ላዳክ ግን ከዋናው ሰንሰለት ጀርባ ስለሆነ ዝናቡ እምብዛም አይደርሰውም፤ የመውጫ ጊዜውም በትክክል ያንቺ እረፍት ነው። ካንግ ያትሴ 2 ከ6,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከራስ ዳሸን በኋላ ጥሩ ደረጃ ይመስለኛል። በበረዶ ጫማና በገመድ መለማመድ ግን አስቀድመሽ ጀምሪ። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታሽን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አትጨምሪ። የከፍታ ሕመም ወቅት አይለይም።

ጥያቄ፦ ከሥራ ስንት ጊዜ ፈቃድ ልጠይቅ?

መልስ፦ ለማናስሉ አምስት ወይም ስድስት ሳምንት፣ ለኤቨረስት እስከ ሁለት ወር። በሜይ 2019 ኤቨረስት ጫፍ አጠገብ ያ ረጅም ሰልፍ የታየው ጸጥ ያሉት ቀናት ጥቂት ስለነበሩ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለተነሣ ነው። የመጀመሪያውን ጥሩ ቀን ለሌሎች ትተህ ሁለተኛውን መጠበቅ እንድትችል ከዕቅድህ በላይ ቢያንስ አንድ ሳምንት ጨምር። የመመለሻ ትኬትህም ቀኑ ሊቀየር የሚችል ይሁን።