«ስሕተት» ነው ወይስ «እክል»?

ጥያቄ፦ የሊኑክስ ከርነልን (የሥርዓተ ክወናውን እምብርት) የሚያስተምር ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። የሰዓት ቆጣሪ ድራይቨር (ቆጣሪውን የሚያሠራው ፕሮግራም) ሲነሣ የሚያስፈልገውን ካላገኘ «ስህተት መለሰ» ልበል ወይስ «እክል ገጠመው»? በየትኛውስ «ሀ» ልጻፈው?

መልስ፦ ከፊደሉ ልጀምር፤ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ቃሉ የግእዙ «ስሕተ» ልጅ ስለሆነ በሐመሩ «ሐ» ይጻፋል። አማርኛ የጉሮሮውን ድምፅ ሲውጠው «ሳተ» ቀረ፤ «ሰሐበ» ሳበ፣ «ምሕረ» ማረ እንደሆኑት ማለት ነው። መንገድ ሳተ፣ ዒላማ ሳተ፣ ተሳሳተ፣ አሳሳተ፤ በሁሉም ውስጥ ትክክለኛውን መሥመር የለቀቀ አለ።

የሬጅስተሩን (ቆጣሪው የሚታዘዝበትን ቦታ) አድራሻ ጠይቆ የተከለከለ ድራይቨር ግን ምን ለቀቀ? እክል ገጠመው እንጂ አልሳተም። የሳተውማ፣ ክሎኩን (ለቆጣሪው ምት የሚሰጠውን) ከፍቶ ኢንተረፕቱ (ቆጣሪው ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት ምልክት) እንቢ ሲለው ክሎኩን ሳይዘጋ የሚወጣ ኮድ የጻፈው ፕሮግራመር ነው። ሥርዓቱ መጨረሻ የተያዘውን አስቀድሞ እየለቀቁ መውጣት ነበር።

«ከርነሉ ሁሉንም በአሉታዊ ቁጥር ስለሚመልስ አንድ ቃል ይበቃል» የሚሉ አሉ። ከርነሉ ራሱ አይስማማቸውም። -22 ሲመለስለት ማስጀመሩ እንዳልተሳካ ይጽፋል፤ -517 ሲመለስለት ግን ዝም ብሎ ያልፋል፤ ትርጉሙ «የምደገፍበት አልደረሰልኝም፣ ቆይተህ ጥራኝ» ነውና። «ገና ነኝ» ያለን ማን ተሳሳተ ይለዋል?

በ«መለሰ» ግን ጠብ የለኝም። እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ድረስ የቆጣሪ ድራይቨሮቹ የማስጀመሪያ ፈንክሽኖች ምንም አይመልሱም ነበር፤ ብዙዎቹ ሲቸግራቸው ፓኒክ (ሁሉን የሚያቆመውን የአደጋ ጥሪ) ጠርተው ከርነሉን በሙሉ ይጥሉት ነበር። ከከርነሉ ዕትም 4.8 ወዲህ ቁጥር ይመልሳሉ፣ ከርነሉም ወደሚቀጥለው ቆጣሪ ያልፋል። አንድም ካልተገኘ ብቻ ነው ከባዱን ማስጠንቀቂያ የሚያወጣው። ለጠሪው መልስ የሚሰጥ ነገር «መለሰ» ቢባል ያምርበታል።

ይሁንና ሙያተኛው «ኤረር ሰጠኝ» ብሎ ጨርሶታል፤ ስልኩም መተግበሪያውም «የስህተት ኮድ» ይላል፤ «የእክል ኮድ» ብትል የሚከተልህ አይኖርም። እንግዲያው ለቁጥሩ «የስሕተት ኮድ መለሰ»፣ ለሁኔታው «እክል ገጠመው» በል። በሃሌታው «ሀ» የጻፍከውንም አንባቢ አይጥልብህም፣ ጋዜጣውም እንዲያው ነው የሚጽፈው። በእኔ እጅ የገባ ረቂቅ ግን በ«ሕ» ታርሞ ይመለሳል።