ስለ ሴቶችና ቫይታሚን ዲ፦ ጥያቄና መልስ

የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝ። የላካችኋቸውን ጥያቄዎች እንደ ቅደም ተከተላቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሚኒሶታ ነው። ሐኪሟ ቫይታሚን ዲሽ 11 ነው አለችኝ። ፀሐይ አገር ያደግኩ ሰው እንዴት ያንሰኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ የልጅነት ፀሐይ እስከ ዛሬ አይቆይም፤ ሰውነት የሚያከማቸው ቢበዛ ለጥቂት ወራት ነው። እናንተ ጋ ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ፀሐይዋ ብትታይም ዝቅ ብላ ስለምታልፍ፣ ቆዳ ቫይታሚኑን የሚሠራበት ጨረር መሬት ሳይደርስ ያልቃል። የኛ ጥቁር ቆዳ ደግሞ ጨረሩን ስለሚያጣራ ከነጮቹ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ውጤቱ የተለካው በናኖግራም (በአንድ ሚሊ ሊትር ደም) ከሆነ 11 እጥረት ነው፤ 20 እና ከዚያ በላይ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። አውሮፓ ያላችሁ ግን አትደናገጡ፣ ብዙ ቦታ የሚለካው በናኖሞል ስለሆነ 50 የሚለው ውጤት ከዚያው ከ20 ጋር እኩል ነው።

ጥያቄ፦ ሪያድ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ወገቤንና ጭኔን ያመኛል፣ ደረጃ መውጣት ከብዶኛል። ፀሐይ በሞላበት አገር ይሄ ከቫይታሚን ዲ ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ ይችላል የኔ እህት። በባሕረ ሰላጤው አገሮች እጥረቱ በጣም የተለመደ ነው፤ ሙቀቱ ሰዉን ቤት ያስቀምጠዋል፣ ሲወጡም ልብሱ ይሸፍናል። በመስኮት የሚገባው ፀሐይ አይቆጠርም፣ መስታወት ጨረሩን ያስቀረዋል። ልብስ ስታሰጪ፣ የሚያይሽ ከሌለ፣ እጅጌሽን ሰብስቢ፤ ጥላሽ ከቁመትሽ ያጠረበት ሰዓት ይሁን። በበጋ ግን ቀትሩን ተዪው። ሕመሙ ሌላም ምክንያት ሊኖረው ስለሚችል ደም መመርመሩ አይቅርብሽ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ፣ ቢሮ ነው የምውለው። እንዳልጠቁር ጃንጥላ እይዛለሁ።

መልስ፦ ከምሳ ሰዓትሽ ሩብ ያህሉን ያለ ጃንጥላ በእግር ሂጂ። ፊትሽ ካሳሰበሽ ክንድሽም ይበቃል።

ጥያቄ፦ ጾም ስንጾም ከየት እናገኘዋለን?

መልስ፦ ከሽሮና ከምስር አይጠበቅም። ጤፍ ካልሲየም አለው፣ ግን ያለ ቫይታሚን ዲ አንጀት በደንብ አይወስደውም። በፍስክም ቢሆን የእንቁላል አስኳልና ጉበት የሚሰጡት ጥቂት ነው። ሳልመንና ሰርዲን ይሻላሉ፣ ማዕዳችን ላይ ግን ብዙም የሉም። እንግዲህ የሚቀረው ፀሐይ ወይም ክኒን ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ አራስ ናት። ሕፃኑን ቅቤ ቀብቼ ፀሐይ ላሙቀው ስላት በይነመረብ አይታ ትከለክለኛለች።

መልስ፦ እማማ፣ ማሞቁ ጥሩ ልማድ ነው። ጥቅሙ ግን ከቅቤው አይደለም፤ ተጠቅልሎ ፊቱ ብቻ ከታየም ብዙ አይረባውም። በጧቷ ለስላሳ ፀሐይ ለጥቂት ደቂቃ ይሙቅ፣ እሷ ብቻዋን ግን አትበቃውም። የእናት ጡት ወተት ቫይታሚን ዲ ስለሚያንሰው፣ ብዙ አገር ሐኪሞች ለሕፃናት በቀን 400 ዩኒት ጠብታ ያዛሉ። በ1997 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የአዲስ አበባ ጥናት ሪኬትስ (በቫይታሚን ዲ እጥረት አጥንት የሚለሰልስበት በሽታ) ያለባቸው ልጆች ለሳንባ ምች ይበልጥ እንደሚጋለጡ አሳይቷል፤ ስለዚህ ጉዳዩ የእግር መጣመም ብቻ አይደለም።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ ባለ 50,000 ዩኒት የቫይታሚን ዲ ክኒን ሰጠችኝ። በየቀኑ ልውሰደው?

መልስ፦ በፍጹም! እሱ ሐኪም ሲያዝ ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚዋጥ ነው። አዋቂ ሴት በቀን 600 ዩኒት ይበቃታል፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝም ከ4,000 ማለፍ የለባትም። ትርፉ በሽንት አይወጣም፤ ደም ውስጥ ካልሲየም ያበዛና ኩላሊት ይጎዳል።