ጎንደር ውስጥ መጠጥ ለማቆም ስብሰባ ለምትፈልገው ወንድሜ

«አረቄ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ቦታ ጎንደር ውስጥ እንዴት ይገኛል? ብሄድስ የሰፈሬ ሰው ያየኝ ይሆን?» ብለህ ጠይቀሃል። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይልቅ እንቅልፍ እንደሚነሳህ ገብቶኛል። እኔ ሴት ነኝ፤ በዚህ ከተማ ሴት አረቄ ትጠጣለች ከተባለ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ፒያሳ ይደርሳል። ስለዚህ ፍርሃትህን አላቃልልብህም።

ከስብሰባው በፊት ግን ሌላ ነገር ልንገርህ። ጠዋት ሳትቀምስ እጅህ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ብቻህን ወስነህ በድንገት አታቁም። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው መጠጡን ሲያቋርጥ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ላብ፣ ማቅለሽለሽና መንቀጥቀጥ ሊጀምረው ይችላል። አንዳንዱን እንደሚጥል በሽታ ይጥለዋል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን የሌለ ነገር የሚታየውና የሚቃዥም አለ፤ ይህ ካልታከመ ሊገድል ይችላል። ጎረቤት «ሰይጣን ነው» ይላል፣ ቤተሰብ ወደ ጸበል ይሮጣል። ጸበሉን አልነቅፍም፣ እኔም ተጠምቄያለሁ፤ ለዚህኛው ግን ቀድሞ የሚኬደው ሐኪም ዘንድ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። መንቀጥቀጡን የሚያበርድ እንደ ዳያዜፓም ያለ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 የሚታዘዘው ሐኪም እያየህ ነው። በቀን ምን ያህል እንደምትጠጣ ሲጠይቁህ ደግሞ አታሳንስ፤ የመድኃኒቱን መጠን የሚወስኑት አንተ ከምትነግራቸው ተነስተው ነው።

እኔም ስብሰባውን ያገኘሁት በሕክምና በኩል ነው፤ ስትከታተለኝ የነበረች ነርስ ጠቆመችኝ። የምንገናኝበትን ቦታ እዚህ አልጽፍም፤ ማን እንደሚመጣና የት እንደሚመጣ በአደባባይ አለማውጣት የገባንበት ቃል ነው። አንተም የሚያክምህን ባለሙያ «መጠጥ ያቆሙ ሰዎች የሚገናኙበትን ያውቃሉ?» ብለህ በግልጽ ጠይቀው። የንስሐ አባትህን መጠየቅም ይቻላል፤ ብዙ ጊዜ የሰውን ጭንቀት ከሐኪሙ ቀድመው የሚሰሙት እሳቸው ናቸው።

ሥርዓታችን የተወሰደው መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች እርስ በርስ ከሚደጋገፉበት፣ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ከሚባለው ማኅበር ነው። እሱን በ1935 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ የጀመሩት አንድ በአክሲዮን ንግድ የሚሠራ ሰውና አንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሲሆኑ፣ ሁለቱም መጠጥ ያሸነፋቸው ነበሩ። ለመግባት የሚጠየቀው መጠጥ ለማቆም መፈለግ ብቻ ነው። ምዝገባ የለም፣ የአባልነት ክፍያ የለም፤ የሻዩን የቻለ ያዋጣል። ማኅበር ሲጠጣ እያየህ ካደግህ ነገሩ አይጠፋህም፤ መሰባሰቡም ተራውም አለ፣ ጠላው ብቻ የለም። ስምህን ብቻ ትናገራለህ፤ የአባትህን ስም ማንም አይጠይቅህም። መናገር ካልፈለግህ «ዛሬ ላዳምጥ» ብለህ ታልፋለህ። መጀመሪያ ላይ ግራ የሚያጋባህ አንድ ሰው ተናግሮ ሲጨርስ መልስ የሚሰጠው አለመኖሩ ነው። ምክር እንደምንወድ ታውቃለህ፤ እዚያ ግን ምክር የለም፣ ተራው ወደሚቀጥለው ሰው ያልፋል። እኔን እዚያ ያቆየኝ ይኸው ነው፤ ከዚያ በፊት ሳልመከር የዋልኩበት ቀን አልነበረም።

ስለ መታየት። አዘዞ የምትኖር ከሆነ ማራኪ በሚባለው ሰፈር ያለ ስብሰባ ፈልግ፤ የባጃጅ ሒሳብ ይጨምርብሃል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም። የምታውቀው ሰው እዚያ ካጋጠመህም እሱም የመጣው ለዚያው ጉዳይ ነው። ደግሞስ ከአረቄ ቤት ስትወጣ ማን ያላየህ አለ?

«ሁዳዴን 55 ቀን ሳልቀምስ እጾማለሁ፣ ስለዚህ ሱሰኛ አይደለሁም» የሚል ሰው ቡድናችን ውስጥ ሞልቷል። ለጾም ማቆም ይቻላል፤ የፋሲካ ማግስት ነው ጥያቄው። ስብሰባው የሚጠቅመውም ከዚያ በኋላ ላለው ጊዜ፣ በተለይም ለሠርግና ለጥምቀት ሰሞን ነው። ከተማው በሙሉ ሲደግስ «በሞቴ! አንዲት ብርሌ!» የሚልህ አክስትህ እንጂ ጠላትህ አይደለም፤ ለዚህም ነው እምቢ ማለት የሚከብደው። ብርጭቆህን ከመጀመሪያው በለስላሳ ሙላው፤ ባዶ ብርጭቆ ያየ አስተናጋጅ ዝም አይልም። «መድኃኒት ጀምሬያለሁ» ብትል ማንም አይከራከርህም። ሳትጀምር ብለኸው ከሆነ ለንስሐ አባትህ የምትናገረው ይኖርሃል፤ ከስካር ግን ይቀላል።

እግርህ እስኪደፍር ወይም ቡድን እስክታገኝ በስልክ የሚካሄዱ ስብሰባዎችም አሉ። አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ ናቸው፣ ገንዘብ አይጠይቁም፤ ካሜራህን አጥፍተህ ማዳመጥ ትችላለህ። ሰዓቱን ግን አስላ፤ በለንደን አቆጣጠር ከምሽቱ 6 ሰዓት የሚጀመረው በእነሱ ክረምት ለእኛ ማታ 3 ሰዓት፣ በእነሱ በጋ ደግሞ ማታ 2 ሰዓት ነው። ኔትወርክ ከተገኘ ማለቴ ነው። ከተቋረጠብህ ያገኘኸው ሰው ካለ በተለመደው መስመር ደውልለት፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ስብሰባ ሳትወጣ የአንድ ሰው ስልክ ቁጥር ያዝ።